ጥምርታው ብቻ አይበቃም፦ ከማስላት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

በከምባታ ዞን ዳምቦያ ወረዳ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ሰፊ አይደለም። ሕዝቡ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ ብዙው አርሶ አደር ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ ጓሮውን በእንሰት ሸፍኖ፣ ቀሪውን ለስንዴ፣ ለጤፍ፣ ለባቄላ፣ ለድንችና ለበቆሎ ያከፋፍላል። መሬት ሲጠብ ለስሕተት የሚተርፍ ቦታም ይጠባል። ለአንድ ጥማድ የተመጠነ ማዳበሪያ በሁለት ጥማድ ላይ ቢበተን፣ የአረም መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ቢወፍር፣ ምርት ሲካፈል አንዱ ወገን ቅር ብሎት ቢሄድ ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ዓመት ጎተራ ውስጥ ነው።

እነዚህን ሁሉ ጉዳዮች የሚያገናኛቸው አንድ የሒሳብ ዓይነት አለ፤ ጥምርታ ይባላል። “ይህን ያህል ለዚያ ያህል” የሚለው አነጋገር ከማዳበሪያ መጋዘን እስከ አውድማ፣ ከላም በረት እስከ ወረዳ ሪፖርት ድረስ የማይገባበት የለም። ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የእጅ ስልክም ያሰላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስሌቱ በፊት ነው። በእጅ ያለው መረጃ ለተጠየቀው ጥያቄ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ ሳይጠይቁ ወደ ስሌት መግባት የተለመደ ነው። መረጃው ሳይበቃ የተሰላ ቁጥር ደግሞ ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ከግምት የባሰ ያሳስታል።

ከዚህ በታች የቀረቡት የማሳ፣ የጆንያና የምርት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። ለማሳዎ የሚስማማውን የግብዓት መጠን የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ አማክረው ይወስኑ።

ጥምርታ የሚነግረን ድርሻን ነው

ከጓሮ እንጀምር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል በመሆኑ አንድ ቤተሰብ የደረሱትንና ገና በማደግ ላይ ያሉትን አመጣጥኖ መያዝ አለበት። የደረሰው ተፍቆ ሲያልቅ የሚተካ ከሌለ ቤቱ ይራቆታል። ሁለት ጎረቤታሞች ጓሯቸው ውስጥ ለእያንዳንዱ የደረሰ እንሰት አራት ያልደረሱ አሏቸው እንበል። ጥምርታው ለሁለቱም 4 ለ 1 ነው። አንደኛው ግን 160 ያልደረሰና 40 የደረሰ፣ ሁለተኛው 16 ያልደረሰና 4 የደረሰ ሊኖረው ይችላል።

“የሚፋቀው ተተኪ አለው ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ 4 ለ 1 የሚለው መረጃ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። “ይህ ቤተሰብ የእህል እጥረት ያለባቸውን ወራት ይወጣቸዋል ወይ?” ለሚለው ግን ጥምርታው ምንም አይመልስም። የእንሰቱ ብዛትና የቤተሰቡ ቁጥር መታወቅ አለበት።

ትምህርቱ ይኸው ነው። ጥምርታ አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል እንጂ መጠኑን አይነግርም። የተጠየቀው ድርሻ ከሆነ ጥምርታው ብቻውን ይበቃል። የተጠየቀው መጠን ከሆነ ግን ሌላ መረጃ የግድ ነው። ስለዚህ “ይበቃል ወይ?” ከማለት በፊት “የተጠየቀው ምንድን ነው?” ማለት ይቀድማል።

አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ግን የተያያዘ ይሁን

ወደ ማዳበሪያ እንለፍ። ለአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የቀረበው የኤንፒኤስና የዩሪያ ጥምርታ 3 ለ 2 ነው እንበል። ዩሪያው ስንት ኩንታል ነው? በዚህ ብቻ መልስ የለም። 3 ኩንታልና 2 ኩንታል ሊሆን ይችላል፤ 300 እና 200 ኩንታልም ሊሆን ይችላል። አሁን ከሚከተሉት መረጃዎች አንዱ ብቻ ቢጨመርስ?

“ጠቅላላው 40 ኩንታል ነው” ቢባል ይበቃል። 3 እና 2 ሲደመር 5 ድርሻ ነው፤ 40 ለ 5 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 8 ኩንታል ይሆናል፤ ዩሪያው 16 ነው። “ኤንፒኤሱ 24 ኩንታል ነው” ቢባልም ይበቃል፤ 24 ለ 3 ሲካፈል አሁንም 8 ነው። “ኤንፒኤሱ ከዩሪያው በ8 ኩንታል ይበልጣል” ቢባልም ይበቃል፤ በ3 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ድርሻ ስለሆነ አንዱ ድርሻ 8 ነው። ድምሩ፣ አንደኛው ክፍል ወይም ልዩነቱ ከታወቀ ሦስቱም መንገዶች ወደ አንድ መልስ ያደርሳሉ።

“ባለፈው ዓመት የቀረበው 40 ኩንታል ነበር” ቢባልስ? ይህ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ከዘንድሮው ጥምርታ ጋር የሚያያዘው ገመድ የለም። ዘንድሮ የቀረበው ከአምናው ጋር እኩል መሆኑ እስካልታወቀ ድረስ አይጠቅምም። በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው። አጠገብ ስላለ ብቻ ይነሣና ይካፈላል።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ሁለት መረጃ አይደለም

በዚያው ምሳሌ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ “ዩሪያው የኤንፒኤሱ ሁለት ሦስተኛ ነው” ቢል አዲስ ነገር የነገረን ይመስላል። 3 ለ 2 ማለት ግን ዩሪያው የኤንፒኤሱ ሁለት ሦስተኛ ነው ማለት ነው። ሌላው ቀጥሎ “ከመቶ 40ው ዩሪያ ነው” ቢልም ያው ነው፤ ከ5 ድርሻ 2ቱ ማለት ከመቶ 40 ማለት ነው። ሦስት ሰዎች ተናገሩ፤ መረጃው ግን አንድ ነው፤ ኩንታሉ አሁንም አልታወቀም።

አንድ መረጃ አዲስ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ቀድሞ ከታወቀው ተነሥተን ራሳችን ልንደርስበት የምንችለው ከሆነ አዲስ አይደለም። ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ አንዱን እውነት በክፍልፋይ፣ በመቶኛና በጥምርታ ሦስት ጊዜ ጽፎ ገጽ ሊሞላ ይችላል። አንባቢው ግን “ስንት?” የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይቀራል።

ተመሳሳይ ጥምርታ ማለት ተመሳሳይ መጠን አለመሆኑ በማሳ ላይ በግልጽ ይታያል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ዳፕና ዩሪያ ለሄክታር እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ የሚል ወጥ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የአገሪቱን አፈር የማጥናትና ካርታ የማዘጋጀት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ኤንፒኤስ ዳፕን እየተካ መጥቷል። ከ100 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎው ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎው በፎስፌት መልክ የሚቆጠር ፎስፈረስ፣ 7 ኪሎው ሰልፈር ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ደግሞ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው።

አንድ አርሶ አደር በሩብ ሄክታር ላይ 25 ኪሎ ኤንፒኤስና 25 ኪሎ ዩሪያ ቢጨምር፣ ጎረቤቱ በእኩል መሬት ላይ 12 ኪሎ ተኩልና 12 ኪሎ ተኩል ቢጨምር ሁለቱም “አንድ ለአንድ ተጠቅሜያለሁ” ማለት ይችላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ማሳ ያገኘው ናይትሮጅን ግን ከ16 ኪሎ በላይ ሲሆን የሁለተኛው ከ8 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። አዝመራው ሲለያይ ምክንያቱን በዘሩ ወይም በዝናቡ ላይ ብቻ መፈለግ አይገባም። “አንድ ለአንድ” ከሚለው ቀጥሎ “በስንት መሬት ላይ ስንት ኪሎ?” ብሎ መጠየቅ ነበረብን።

እዚህ ላይ ጥማድም መጠንቀቅ ይፈልጋል። ጥማድ ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተደርጎ ይቆጠራል፤ ነገር ግን በበሬ የአንድ ቀን እርሻ የተለካ መሬት እንደ አፈሩ፣ እንደ ተዳፋቱና እንደ በሬዎቹ ጉልበት ይለያያል። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የማሳው ስፋት በልኬት የተጻፈለት ሰው በግምት መሥራት አያስፈልገውም፤ ደብተሩን አውጥቶ ማየት ይበቃዋል።

በቂ የማይመስል መረጃ ሲበቃ

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። መረጃው ጎደሎ ይመስላል፤ ነገር ግን የነገሩ ጠባይ የቀረውን ይሞላዋል። የኤንፒኤስና የዩሪያ ጆንያዎች ጥምርታ 3 ለ 2 ነው፤ ጠቅላላው ከ41 እስከ 46 ባለው ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቷል እንበል። ጆንያዎቹ ያልተከፈቱ ከሆኑ መልሱ አንድ ነው። በ3 ለ 2 የተከፈለ የሙሉ ጆንያ ድምር ለ5 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ከ41 እስከ 46 ባሉት ቁጥሮች መካከል ለ5 የሚካፈለው 45 ብቻ ነው። ስለዚህ 27 ጆንያ ኤንፒኤስና 18 ጆንያ ዩሪያ አለ።

በዚሁ መንገድ የተሳሳተ ሪፖርትም ይያዛል። “42 ጆንያ ገብቷል፤ ጥምርታው በትክክል 3 ለ 2 ነው” የሚል ወረቀት ቢቀርብ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ወይ ጆንያው 42 አይደለም፣ ወይ ጥምርታው በግምት የተነገረ ነው። መጋዘን ገብቶ ሳይቆጥሩ ስሕተት መኖሩን ማወቅ ይቻላል፤ የትኛው እንደተሳሳተ ለመለየት ግን መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ለማይከፈል ነገር ነው። ለበግ፣ ለዶሮ፣ ለበሬ፣ ላልተከፈተ ጆንያ ይሆናል። በኪሎ እየተመዘነ ለሚከፋፈል ማዳበሪያ ወይም በሊትር ለሚሰፈር ወተት አይሆንም፤ 42 ኪሎን 25.2 እና 16.8 አድርጎ በ3 ለ 2 መክፈል ይቻላልና።

ሦስት ሲሆኑ ድልድይ ያስፈልጋል

አንድ አርሶ አደር ማሳውን ለስንዴ፣ ለድንችና ለባቄላ ሊከፍል አስቧል። ስንዴውን ከድንቹ 3 ለ 2፣ ድንቹን ከባቄላው 4 ለ 1 አድርጎ ወስኗል። ይህ ሦስቱን ለማነጻጸር ይበቃል፤ ምክንያቱም ድንች በሁለቱም ጥምርታ ውስጥ አለ፤ ድልድዩ እሱ ነው። ድንቹ በአንዱ 2፣ በሌላው 4 ስለሆነ የመጀመሪያውን በእጥፍ አሳድገን 6 ለ 4 እናደርገዋለን። ከዚያ ስንዴ 6፣ ድንች 4፣ ባቄላ 1 ይሆናል፤ በድምሩ 11 ድርሻ። መሬቱ 0.55 ሄክታር ከሆነ አንዱ ድርሻ 0.05 ነው፤ ስንዴው 0.30፣ ድንቹ 0.20፣ ባቄላው 0.05 ሄክታር ይደርሰዋል።

ውሳኔው “ስንዴ ለድንች 3 ለ 2፣ ባቄላ ለበቆሎ 1 ለ 2” ቢሆን ኖሮ ግን መሬቱ 0.55 ሄክታር መሆኑ ቢታወቅም መልስ አይገኝም። በሁለቱ ጥንዶች መካከል ድልድይ የለም። ስንዴና ድንች አብዛኛውን መሬት ይዘው ባቄላና በቆሎ ትንሽ ሊቀራቸው ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። አርሶ አደሩ አንድ ነገር ብቻ መወሰን ይቀረዋል፤ ለምሳሌ ድንቹ ከበቆሎው ጋር ያለውን ንጽጽር።

መስፈሪያው ተመሳሳይ ነው ወይ?

ጥምርታ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲነገር መስፈሪያው ይረሳል። ለወተት ላም ሦስት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉ ተባለ እንበል። በኪሎ ከሆነ 40 ኪሎ ድብልቅ ውስጥ 30 ፉርሽካና 10 ፋጉሎ አለ። በጣሳ የሚሰፍር ሰው ግን ሌላ ድብልቅ ያዘጋጃል። ፉርሽካ ቀላል፣ ፋጉሎ ከባድ ነውና። አንድ ጣሳ ፉርሽካ 400 ግራም፣ አንድ ጣሳ ፋጉሎ 800 ግራም ቢመዝን ሦስት ጣሳ ፉርሽካ 1,200 ግራም፣ አንድ ጣሳ ፋጉሎ 800 ግራም ይሆናል። ሰውዬው 3 ለ 1 የሰፈረ ቢመስለውም በክብደት የቀላቀለው 3 ለ 2 ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሚሰፍሩበትን ጣሳ አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ መኖ ሞልቶ በሚዛን መመዘንና ክብደቱን መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ በጣሳ መስፈር ይቻላል፤ የጎደለው መረጃ ተሟልቷልና።

በመርጫ መሣሪያ ላይ ደግሞ የመስፈሪያ ስሕተት ከብክነት አልፎ ሰብልንና ሰውን ይጎዳል። “ለአንድ መርጫ አንድ ክዳን” የሚለው ምክር በገበያ ሲነገር ይሰማል። ይህ ምክር የክዳኑን መጠን፣ መርጫው 15 ሊትር ይሁን 20፣ ማሳው በስንት መርጫ እንደሚያልቅ አይናገርም። ሦስቱ ሳይታወቁ መጠኑ ትክክል መሆን አለመሆኑን መናገር አይቻልም።

የአንድ መድኃኒት መለያ ወረቀት ለሄክታር 1 ሊትር ቢል ለሩብ ሄክታር የሚያስፈልገው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ለማወቅ የውኃው መጠን አያስፈልግም። ለአንድ መርጫ ስንት ይጨመር ለሚለው ግን ማሳው ስንት መርጫ እንደሚፈጅ መታወቅ አለበት። መድኃኒት ሳይጨመር መርጫውን በንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ በተለመደው እርምጃና ግፊት በማሳው ከፊል ላይ ረጭቶ ማየት ይህን ይነግራል። ሩብ ሄክታሩ ሁለት መርጫ ተኩል ከፈጀ ለእያንዳንዱ ሙሉ መርጫ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለግማሹ 50 ይደርሳል። ሦስት መርጫ ከፈጀ ለእያንዳንዱ 83 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ አንድ፣ ማሳው አንድ ሆኖ በአረማመድ ልዩነት ብቻ የመርጫው መጠን ይቀየራል። ስለዚህ የጎረቤት ልክ ለእርስዎ ልክ ላይሆን ይችላል።

የእኩል ሲባል፣ ከምን ላይ?

በዘመዳሞችና በጎረቤታሞች መካከል ቅሬታ የሚያስነሣው የምርት ክፍያ ነው። የእኩል፣ የሲሶ፣ የእርቦ የሚሉት ውሎች ሁሉ ጥምርታዎች ናቸው። እኩል 1 ለ 1፣ ሲሶ አንድ ሦስተኛ፣ እርቦ አንድ አራተኛ ነው። ስሌቱ አያጣላም፤ የሚያጣላው ከምን ላይ እንደሚካፈል ቀድሞ አለመነገሩ ነው።

አንድ ማሳ በእኩል ታርሶ 12 ኩንታል ስንዴ ተገኘ፤ ዘሩን አንድ ኩንታል ያወጣው አራሹ ነው እንበል። ዘሩ ሳይወጣ ከተካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 6 ኩንታል ይደርሳል። ዘሩ ለአራሹ ተመልሶ ቀሪው 11 ከተካፈለ ግን አራሹ 6 ተኩል፣ ባለመሬቱ 5 ተኩል ያገኛል። ሁለቱም “እኩል ነው ያልነው” ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የጎደለው መረጃ ቁጥር አይደለም፤ ስምምነት ነው። አውድማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያሰሉ ቢያድሩ አይገኝም፤ ከመዝራት በፊት መነገር ነበረበት።

የዘሩን ያህል የማዳበሪያው ዋጋም ያጣላል። ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ገበያ ሲንር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ሁሉም አይቷል። ወጪው ትንሽ በነበረበት ዘመን ሳይነገር ያለፈው ነገር ዛሬ ግማሽ ኩንታልና ከዚያም በላይ ያከራክራል። ስለዚህ ውል ሲደረግ ጥምርታው ብቻ ሳይሆን ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና መድኃኒቱን ማን እንደሚያወጣ፣ ወጪው ከመካፈሉ በፊት ይነሣ እንደሆነ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን በምስክር ፊት ይነገር፤ ቢቻል ይጻፍ።

መቶኛን በመቶኛ ላይ መደመር

የወረዳና የቀበሌ ባለሙያዎች በየሳምንቱ የሚገጥማቸው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። አንድ ቀበሌ በመስመር የመዝራት ዕቅዱን 90 በመቶ፣ ሌላው 60 በመቶ አከናውኗል። የሁለቱ አፈጻጸም በጋራ ስንት ነው? ብዙዎች ሁለቱን ደምረው ለ2 ያካፍሉና 75 ይላሉ።

መረጃው ግን አልበቃም። የመጀመሪያው ቀበሌ ዕቅድ 50 ሄክታር፣ የሁለተኛው 200 ሄክታር ቢሆን የተዘራው 45 እና 120፣ በድምሩ ከ250 ሄክታር 165 ነው፤ አፈጻጸሙ 66 በመቶ ይሆናል። ዕቅዳቸው እኩል ቢሆን ብቻ ነው 75 የሚሆነው። በ66 እና በ75 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከ250 ሄክታር ሲሰላ ግን ከ22 ሄክታር በላይ ያልተዘራ መሬት እንደ ተዘራ ተቆጥሯል ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዘርና ማዳበሪያ በዚህ ቁጥር ከተጠየቀ ስሕተቱ ወደ መጋዘኑ ይሻገራል።

ይሁን እንጂ በ90 እና በ60 ብቻ የሚመለስ ጥያቄም አለ። “ሁለቱ በጋራ ግማሹን አልፈዋል ወይ?” ቢባል መልሱ በእርግጥ አዎ ነው። የጋራው መቶኛ ሁልጊዜ በ60 እና በ90 መካከል ይውላልና የዕቅዱ ስፋት ባይታወቅም አይቀየርም። “80 በመቶ ደርሰዋል ወይ?” ቢባል ግን አይታወቅም። አንድ መረጃ ለአንዱ ጥያቄ በቅቶ ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ከቀበሌ ሪፖርት ሲሰበሰብ መቶኛው ብቻ ሳይሆን ዕቅዱና ክንውኑ በሄክታር እንዲጻፍ ማድረግ ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀራል።

ሳይበቃ መመለስ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይ ግረኖብል የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለ97 የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት አንድ ጥያቄ አቀረቡ። በመርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜ ስንት ነው የሚል ነበር። መልስ የለውም። ሆኖም 76ቱ ሕፃናት የተሰጧቸውን ቁጥሮች ተጠቅመው አንድ ዕድሜ ሰጡ። ሕፃናቱ መደመር ያውቁ ነበር፤ ያልለመዱት “ይህ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?” ብሎ መጠየቅን ነው።

በሃንጋሪ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ስለ ችግር አፈታት የሚያስተምር መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ነው ከስሌት በፊት ያስቀደመው። የማይታወቀው ምን እንደሆነ፣ የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ የተሰጠውም ያንን ለመወሰን የሚበቃ፣ የሚጎድል፣ የተደጋገመ ወይም እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆኑን እንድንለይ ይመክራል። ከላይ ያየናቸው የጆንያና የማሳ ምሳሌዎች አራቱንም ዓይነት ይዘዋል።

በመሐል ክፍሎች ጥምርታን፣ ወደርንና መቶኛን የሚማሩ ልጆች በየቤቱ አሉ። የማዳበሪያ ደረሰኝን፣ የመድኃኒት መለያ ወረቀትን ወይም የይዞታ ደብተርን ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። “ስንት ነው?” ብቻ ሳይሆን “ለማወቅ ምን ይጎድለናል?” ብሎ መጠየቅ ከቤት ቢጀመር ልጁም በትምህርት ቤት ዝም ብሎ ቁጥር አይደምርም።

ከማስላት በፊት አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የተጠየቀው ድርሻ ነው ወይስ መጠን? ድርሻ ከሆነ ጥምርታው ይበቃል፤ መጠን ከሆነ ድምር፣ አንድ ክፍል ወይም ልዩነት ይፈልጉ።

ሁለተኛ፣ የተጨመረው መረጃ አዲስ ነው ወይስ የቀደመው በሌላ አነጋገር? ከዘንድሮው፣ ከዚህ ማሳ፣ ከዚህ ሰብል ጋርስ የተያያዘ ነው?

ሦስተኛ፣ መስፈሪያው አንድ ነው ወይ? ኪሎ ከኪሎ፣ ጣሳ ከጣሳ፣ ሄክታር ከሄክታር ይነጻጸር።

አራተኛ፣ ከምን ላይ ነው የሚካፈለው? ወጪ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መቶኛውስ የስንት መቶኛ ነው?

ከአራቱ አንዱ ካልተመለሰ ስሌቱን አቁሞ የጎደለውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። “አልታወቀም” ብሎ መተው ብቻውን አይጠቅምም። “የሁለተኛው ቀበሌ ዕቅድ በሄክታር ይምጣልን”፣ “መርጫው ስንት ሊትር ይይዛል?”፣ “ዘሩን ማን ያወጣል?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሚዛን ወይም በአንድ ንግግር ይገኛል። የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲሰበሰብ በእያንዳንዱ አርሶ አደር ስም አንጻር የማሳው ስፋት፣ የሰብሉ ዓይነትና የሚፈለገው ኪሎ አብረው ይመዝገቡ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው።